ከህንድ የመጣ «ኪዳ ጀዲ» የሚባል የትል እንጉዳይ ለኩላሊት ይሆናል ወይ? የምታውቁ እባካችሁ

ሜሪ_ሰሚት፦

ሰላም ወገኖች። ትንሽ ይረዝምባችኋል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከያዛት ቆይቷል፣ አምና ኩላሊቷ መድከም ጀመረ አሁን ክሬአቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው) 3.4 ገብቷል። ሐኪሟ እጥበት ገና ነው ግን በሐሳብ ተዘጋጁ ብሎናል። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አባቱን ለልብ ኦፕሬሽን ዴልሂ ወስዶ ሲመለስ አንድ ብልቃጥ ይዞልን መጣ። ካረፉበት ጌስት ሀውስ አጠገብ ካለ ሱቅ ነው የገዛው፣ «ኪዳ ጀዲ» ይባላል፣ ከሂማላያ ተራራ ነው የሚለቀመው፣ ግማሹ ትል ግማሹ እንጉዳይ ነው፣ የህንድ የባህል ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ኩላሊት በለው ሳንባ በለው የወንድ ድካም በለው ሁሉንም ያድኑበታል ብለው ነው የሸጡለት። ለ50 ግራም 15 ሺህ ሩፒ ከፍሏል። ለእማ ብሎ ነው እግዜር ይስጠው፣ ልቡ ንጹህ ነው። በወተት አፍልታችሁ ጠዋት ጠዋት አጠጧት ብሏል።

እማ እጥበት የሚለውን ቃል ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። «እስኪ ልሞክረው፣ ሰዎቹ እኮ የሚያውቁትን ነው የሚሰጡት» ትላለች። እኔ እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አቃተኝ። ህንድ የኖራችሁ፣ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ ምንድነው ይሄ ነገር? ባህል ሐኪሞቹስ እውነት ለኩላሊት ይሰጡታል?

ዴህራዱን_የነበረው፦

ሜሪ እህቴ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። እኔ ኡታራካንድ የሚባል የህንድ ተራራማ ክልል ነው ፎረስትሪ የተማርኩት፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ሙንሲያሪ የሚባል የተራራ ከተማ አካባቢ አንድ ሰሞን ስለቆየሁ ኪዳ ጀዲን በዓይኔ አይቼዋለሁ በእጄም ይዤዋለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ነገሩ በእውነት አለ፣ ተረት አይደለም። እዛ ተራራ ላይ አንድ የእሳት እራት ዓይነት አለች፣ ትሏ አፈር ውስጥ የሣር ሥር እየበላ ነው የሚያድገው። ፈንገሱ እዛው አፈር ውስጥ ይይዘዋል፣ ሆዱን ቀስ እያለ በልቶ ይጨርስና ትሉ ቆዳው ብቻ ቀርቶ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ከዛ በረዶው ሲቀልጥ ከትሉ ራስ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ጠቆር ያለ ቡቃያ ከመሬት ብቅ ይላል። ቲቤቶች «ያርሳ ጉምባ» ይሉታል፣ በሙቀቱ ወራት ሣር በብርዱ ወራት ትል እንደማለት ነው። «ኪዳ ጀዲ» ደግሞ በሂንዲ የትል ሥር፣ ትል የሆነ መድኃኒት ማለት ነው። የሚገኘው ከ3,000 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ የእኛን ራስ ዳሸን ጫፍ አስቢው። በእኛ ግንቦትና ሰኔ ላይ መንደሩ ቤቱን ዘግቶ ሕፃናቱን ጭምር ይዞ ይወጣል፣ ድንኳን ተክለው ሳምንታት እዛው ያድራሉ፣ ቀኑን ሙሉ በጉልበትና በክርናቸው እየዳኹ ሣሩን በዓይናቸው ያበጥራሉ፣ ቡቃያዋ ከመሬት የምትታየው ጥቂት ሴንቲሜትር ስለሆነች ቀና ብለሽ ብትሄጂ አታያትም። የመንደሩ የደን ምክር ቤት፣ እነሱ ቫን ፓንቻያት ይሉታል፣ ማን የት ይልቀም የሚለውን ይወስናል፣ በዚህም ብዙ ጠብ አለ። የአንዳንዱ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ከዚህች ወር ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አንድ የበግ እረኛ ሽማግሌ ቤት ነበር ያደርኩት፣ 70 ያለፋቸው ሰው ናቸው፣ እኔም እንዳንቺ ጠየቅኳቸው፣ እናንተ ለምን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ አልኳቸው። ሽማግሌው «እኛ አንበላውም ልጄ፣ እንሸጠዋለን» አሉኝ። ሲደክማቸው ምን እንደሚወስዱ ጠየቅኩ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል ስም ዘረዘሩልኝ፣ ኪዳ ጀዲ ውስጡ አልነበረም። በዛ ወገን ንግዱ የደራው ባለፉት 30 ዓመታት ነው፣ ከዛ በፊት ያክ የሚባለውን የተራራ ከብትና በግ የሚጠብቁ ሰዎች ያውቁታል እንጂ የኖረ ትልቅ የሕክምና ልማድ አልነበረም። ወደ ሌላው የሂማላያ ክልል ወደ ሲኪም ስትሄጂ ግን ነገሩ ይለያል። ላቹንግና ላቸን በሚባሉ ሸለቆዎች ያሉ የባህል ሐኪሞች እውነትም ይሰጡታል፣ አንዲቷን ፍሬ በሙቅ ወተት ወይም ቻንግ በሚሉት የአገሩ ጠላ ዘፍዝፈው ጠዋትና ማታ፣ ለሳል ለአስም ለድካም ለብዙ ነገር፣ እስከ 21 ዓይነት በሽታ ዘርዝረዋል። በቲቤት ሕክምና ጽሑፍ ውስጥም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፣ ያኔ ግን በዋናነት የሚወደሰው ኃይል በመስጠትና ለወንድነት ነው።

ሌላው ዋጋው ነው። እውነተኛው ኪሎው 10 ላክ ሩፒ ማለትም አንድ ሚሊዮን እና ከዛ በላይ ነው የሚሸጠው፣ ስለዚህ 50 ግራሙ ቢያንስ 50 ሺህ ሩፒ ነው። በ15 ሺህ አይመጣም። እስኪ ብልቃጡን ክፈቺና መልኩን ንገሪኝ፣ ትል ይመስላል?

ሜሪ_ሰሚት፦

ኧረ ትል የሚመስል ነገር የለውም! ብርቱካናማ ነው፣ ክር ክር ያለ፣ እንደ ደረቀ ቀጭን ፓስታ። በብልቃጡ ላይ የተራራ ፎቶ አለው።

ዴህራዱን_የነበረው፦

እንዳሰብኩት ነው። ያ የእሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ኮርዲሴፕስ ሚሊታሪስ ይባላል፣ ህንድ ውስጥ አሁን ብዙ ወጣቶች ቤታቸው ትንሽ ላብራቶሪ ከፍተው በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሩዝ ላይ ያበቅሉታል፣ ሥራው ሐቀኛ ሥራ ነው ሲሸጡትም በስሙ ከሸጡት ምንም አይደለም። እንዲያውም ኮርዲሴፒን የሚባለው ሰው የሚያወራለት ንጥረ ነገር ከተራራው ትል ይልቅ በዚህኛው ውስጥ ነው በብዛት ያለው። ግን የሂማላያ ተራራ አላየም፣ የባህል ሐኪምም አልሰጠውም። እውነተኛው ቢጫማ ቡናማ የትል አካል አለው፣ ሆዱ ሥር መሐል ላይ 4 ጥንድ እግሮች በደንብ ይታያሉ፣ ቡቃያው ከጭንቅላቱ ነው የሚወጣው። በእውነተኛውም ላይ የተሰበረውን በእንጨት ስንጥር ቀጥለው እንደ ሙሉ የሚሸጡ ስላሉ ገዢዎቹ አንድ በአንድ እያገላበጡ ነው የሚያዩት።

በቆጂ_ሯጭ፦

ይሄን ነገር እኛ ሯጮች በደንብ እናውቀዋለን፣ ስሙ ዓለም ላይ የገነነው በእኛ ስፖርት ነው። በፈረንጆቹ 1993 ላይ የቻይና ሴቶች ከየት መጡ ሳይባል ዓለምን ጠራርገው ወሰዱ፣ ዋንግ ጁንሺያ ቤጂንግ ላይ 10 ሺህ ሜትር በ29:31.78 ሮጠች። አሰልጣኛቸው ማ ጁንሬን ምስጢሩ ምንድነው ሲባል ከባድ ልምምድ፣ የኤሊ ደምና ይሄ የትል እንጉዳይ ነው አለ፣ ከዛ በኋላ ያበደው ገበያ እስከ ህንድ ተራሮች ድረስ ደረሰ። ያንን ሪከርድ 23 ዓመት ሙሉ የነካው አልነበረም፣ የነካችው የእኛዋ አልማዝ አያና ናት፣ ሪዮ 2016 ላይ በ29:17.45። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አላውቅም።

እና እዛው 2016 ላይ ምን ወጣ መሰላችሁ፣ ዋንግና ጓደኞቿ በ1995 የጻፉት ነው የተባለ ደብዳቤ በቻይና ሚዲያ ታተመ፣ የተከለከለ መድኃኒት በግድ ይሰጠን ነበር የሚል። የማ ጁንሬን ሯጮች ከ2000ው የሲድኒ ኦሎምፒክ በፊትም በደም ምርመራ ምክንያት ከቡድኑ ተቀንሰው ነበር። ሜሪ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ሰው ይሄን እንጉዳይ ኃይል ይሰጣል ብሎ እንዲያምን ያደረገው ትልቁ ማስታወቂያ ከሥሩ ምን እንደነበረ እወቂው ብዬ ነው። እኛ ካምፕም በየዓመቱ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል ለልጆቹ ሊሸጥ፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ሲስተር_ቲጂ፦

ሜሪዬ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ነኝ 14 ዓመት። እናትሽን እንደ እናቴ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

አንደኛ፣ ሰው ጥናት አለው ይልሻል፣ አዎ አለ። 2014 ላይ 22 ጥናቶች አንድ ላይ ተሰብስበው ተመርምረው ነበር፣ ኮርዲሴፕስ ማለትም ይሄ የትል እንጉዳይ ለደከመ ኩላሊት። ክሬአቲኒን ትንሽ ዝቅ ያለ ይመስላል ግን ጥናቶቹ በአሠራራቸው ደካማ ስለሆኑ ማመን አይቻልም ነው መደምደሚያው፣ ደግሞም የተሰጣቸው ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር ነው እንጂ መድኃኒት አቁመው አይደለም። ከሱቅ የተገዛ ብልቃጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። 2016 ላይ ራሱ የቻይና የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የኮርዲሴፕስ ምርቶችን ሲመረምር አርሴኒክ በኪሎ ከ4.4 እስከ 9.9 ሚሊግራም አገኘ፣ ለምግብ ማሟያ የተፈቀደው 1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ያ የተራራው ዓይነት ነው፣ አፈሩ ራሱ አለበት። እንዲህ ያለውን ነገር ከሰውነት የሚያስወጣው ማነው? ኩላሊት። የደከመውን ኩላሊት ተጨማሪ ሸክም ማሸከም ማለት ነው። የእናንተው ብርቱካናማው ከተራራ ስላልመጣ ይሄ ላይመለከተው ይችላል፣ ግን በምን ውኃ በምን ሩዝ እንዳበቀሉት ማን ያውቃል፣ የደረቀ እንጉዳይ ደግሞ ፖታሲየም አለው፣ እሷ ፖታሲየም የሚቆጠርላት ሰው ናት። በእንስሳት ላይ ስኳር የማውረድ ነገርም ታይቶበታል ስለዚህ ኢንሱሊን ላይ ከሆነች ሳታስቡት ስኳሯ ሊወርድባት ይችላል።

ብልቃጡን ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ሂጂ። አትደብቂው፣ በጣም ብዙ ሰው ደብቆ ነው የሚጎዳው፣ ሐኪሙ ይቆጣኛል ብሎ።

ባህሌን_አትንኩ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። የህንድ አዩርቬዳ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሕክምና ነው፣ አንድ ሕዝብ ያን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ራሱን አያታልልም። የእኛም አያቶች በኮሶ በእንዶድ ነው የኖሩት፣ ያኔም የውጭ ሰው ሲያጣጥለው ነበር፣ በኋላ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጠው የእኛው አክሊሉ ለማ ነው፣ እሱም ከሴቶች ልብስ ማጠቢያ ተነስቶ። ነጭ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ እውቀት አይደለም የሚለው ነገር ይቁም። ሜሪ እናትሽ ተስፋ እንዳትቆርጥ አድርጊ።

ራንቺ_ነበርኩ፦

ባህሌን አትንኩ ወንድሜ ያልከው ግማሹ ልቤ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለ እንዶዱም ልክ ነህ። ለዛም ነው ይሄን መጻፍ የፈለግኩት፣ ምክንያቱም እኔ ጃርካንድ ራንቺ ስኖር ያየሁት የእንጉዳይ እውቀት ከዚህ ብልቃጥ ጋር ምንም አይገናኝም።

መጀመሪያ ስለ አዩርቬዳ። እንጉዳይን በሳንስክሪት ቻትራካ ይሉታል፣ ከጃንጥላ ከሚለው ቃል ነው። ቻራካ ሳምሂታ የሚባለው ጥንታዊው መጽሐፋቸው ስለ እንጉዳይ ሲናገር «የእባብ ጃንጥላ» ከሚባለው ውጪ ያሉት ብዙዎቹ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭና ሆድ ላይ የሚከብዱ ናቸው፣ ጉንፋንም ያመጣሉ ነው የሚለው። በቃ። ያ ትልቅ የሚባለው መጽሐፍ እንጉዳይን አያወድሰውም። በህንድ የእንጉዳይ መድኃኒት እውቀት ያለው በብዛት ጫካ ውስጥ ከሚኖሩት ሕዝቦች ጋ ነው፣ ባይጋ፣ ጎንድ፣ ሳንታል፣ ሙንዳ፣ እነሱ ደግሞ አብዛኞቹ አይጽፉትም፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው።

እኛ ሰፈር ዝናብ ሲጀምር ሴቶቹ በቅርጫት «ሩግራ» ይዘው ይመጣሉ። ክብ ነው፣ እንደ ትንሽ ድንች፣ አፈር ውስጥ «ሳል» ከሚባል የጫካ ዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገው፣ ዛፉ ከሌለ የለም፣ ሰው አምጥቶ ሊያበቅለው ሞክሮ አልቻለም። በሳዋን ወር ሥጋ ስለማይበሉ የጾም ሥጋ ነው የሚሉት፣ እኔም በጾም ስንት ጊዜ በልቼዋለሁ፣ ቅመሙ ውስጥ ሲገባ እውነትም ሥጋ ሥጋ ይላል። ያ ለጋው ነው። ሲያረጅ ደግሞ ውስጡ ቡናማ ዱቄት ይሆናል፣ እሱን አይጥሉትም። ማድያ ፕራዴሽ ያሉት ባይጋዎች ዱቄቱን በሰናፍጭ ዘይት ለውሰው ለቃጠሎ ይቀቡታል። 1993 ላይ የህንድ ተመራማሪዎች ይሄንን ጽፈውታል፣ ሪሺ የሚባለውን እንጨት የሚመስለውን እንጉዳይ ደግሞ ለአስም እንደሚጠቀሙበት። እኔ የተከራየሁባት ቤት ሠራተኛ እጇ ላይ ዘይት ሲፈናጠቅባት እናቷ የቀባቻትን አይቻለሁ፣ ዱቄቱን ከጣራ ሥር ከተሰቀለ ቅል ውስጥ ነው ያወጣችው፣ ካለፈው ዓመት የተቀመጠ።

ከሳንታሎች የሰማሁት ደግሞ እስከዛሬ ይገርመኛል። በቋንቋቸው ነገር ሁሉ ነፍስ ያለውና የሌለው ተብሎ ይከፈላል፣ ዛፍና ቅጠል ነፍስ ከሌለው ወገን ነው፣ አንድ «ፑትካ» የሚሉት እንጉዳይ ግን ነፍስ ካለው ይቆጠራል። ለምን ሲባሉ ቶሎ ካልተበላ እንደ ሬሳ ይሸታል ይላሉ። ጎርደን ዋሰን የሚባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ድረስ የሄደው ይሄን ሊጠይቅ ነው።

እና ወንድሜ፣ እነዚህ ሴቶች የትኛው በየትኛው ዛፍ ሥር፣ በየትኛው ዝናብ፣ ለጋው ለምን ያረጀው ለምን የሚለውን ያውቃሉ። ኩላሊት እናድናለን ሲሉ አልሰማኋቸውም። ለቃጠሎ፣ ለቁስል፣ ለሳል፣ ለወለደች ሴት ማጠንከሪያ ነው የሚሉት። ባህሉን ያላከበረው ጌስት ሀውስ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ስማቸውን ወስዶ እነሱ ያላሉትን የሚሸጥበት።

ባህሌን_አትንኩ፦

ይሄ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። የቻራካውን አላውቅም ነበር። እኔ የተቃወምኩት ንቀቱን ነው፣ አንተ ግን አልናቅክም።

የደብረማርቆስ_ልጅ፦

ያ ዱቄት የምትሉትን እኮ እኛም እናውቀዋለን። በልጅነታችን የጅብ ጥላ እንለው ነበር፣ ስትረግጠው ጭስ የሚተፋውን። አያቴ ነፍሷን ይማርና ማጭድ ሲቆርጠን ያንን ነስንሳ በጨርቅ ታስረው ነበር፣ ደሙ ቀጥ ይላል። መብላት ግን እንኳን ልንበላው ዓይን ያጠፋል እየተባልን ነው ያደግነው። እነሱ የእባብ ጃንጥላ እኛ የጅብ ጥላ፣ ሁለታችንም ያልወደድነውን አውሬ ጥላ አልብሰነዋል፣ ደስ ይላል ሳየው።

ፑኔ_ፋርማሲ፦

ስለ ጅብ ጥላው ትክክል ነህ፣ በህንድም በብዙ ቦታ ያንኑ ዓይነት ዱቄት ደም ለማቆም ይጠቀሙበታል። እኔ ፑኔ ፋርማሲ ስማር መምህራችን አንድ ቀን ፋንሶምባ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። በማራቲ «ፈነስ» ጃክፍሩት ነው፣ በዛ ዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅል ጠንካራ ቡናማ እንጉዳይ ነው፣ በእጅ አይሰበርም፣ ኮቴ ነው የሚመስለው። የማሃራሽትራ የባህል ሐኪሞች ድንጋይ ላይ በውኃ ወይም በንጥር ቅቤ እየፈተጉ ልክ እኛ ኩል እንደምናዘጋጀው ያልሙትና ድድ ላይ ይቀቡታል፣ ምራቁ የሚበዛበት ሕፃን፣ አፉ የቆሰለ፣ ድዱ የሚደማ። ለተቅማጥም ጥቂት ያጠጣሉ። እዛው ፑኔ የነበሩ ተመራማሪዎች በ1993 ስለዚህ ጽፈዋል።

ዩናኒ የሚባለው ከግሪክና ከአረብ የመጣ ሕክምና ሐኪሞች ደግሞ ጋሪቁን የሚሉት አላቸው፣ ከጥድ ዓይነት ዛፍ የሚገኝ ነጭ መራራ እንጉዳይ ነው፣ ከግሪኮች ወደ አረቦች ከአረቦች ወደ ህንድ የመጣ፣ አክታና ሆድ ለማጽዳት። ይሄ በድሮ ዴልሂ የቅመም ገበያ ይሸጣል።

እንደ ፋርማሲስት የማየው፣ አብዛኛው ከላይ የሚቀባ ነው፣ መጠኑ ጥቂት ነው፣ ለጥቂት ቀን ነው። ሰው የሚጎዳው አንድ ማንኪያ ዱቄት ለ6 ወር በየቀኑ ውጪ ሲባል ነው። ያ የድሮው ሰው አሠራር አይደለም።

አቤል_ሻርጃ፦

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብዬ። አጎቴ ካንሰር ነው፣ ጃፓን ከእንጉዳይ የካንሰር መድኃኒት ሠርታለች የሚል ቪዲዮ ላኩልን፣ ውሸት ነው?

ፑኔ_ፋርማሲ፦

አቤል አይዞህ። ግማሽ እውነት ነው። ጃፓን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከእንጉዳይ የተጣሩ ነገሮችን ለካንሰር ፈቅዳ ነበር፣ አንዱ ክሬስቲን ይባላል፣ ሌላው ሺዞፊላን ነው፣ ይሄኛው የሚገኝበትን እንጉዳይ ህንድ ማኒፑር ውስጥ እንደ ወጥ ይበሉታል፣ ካንግላየን ይሉታል። ግን የተሰጡት ከኬሞ ጋር እንደ ደጋፊ ነው፣ ብቻቸውን ካንሰር አላዳኑም። አጎትህ ኬሞውን እንዳያቋርጥ፣ እባክህ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ሪሺ የሚባለውን ሳትነግሩት እንዳይጀምር፣ ደሙን የበለጠ ሊያቀጥነው ይችላል።

ሲስተር_ቲጂ፦

ይሄን ክር ብዙ ሰው ስለሚያነበው አንድ ነገር ልጨምር። ከእናንተ ውስጥ ይሄን አንብቦ ዱር ወጥቶ እንጉዳይ የሚለቅም እንዳይኖር። ራንቺ ያለው ሴቶቹ ያውቁታል ነው፣ አዎ ያውቃሉ፣ የሚያውቁት ግን የራሳቸውን ጫካ ነው። ሚያዝያ 2022 ላይ አሳም ውስጥ የዱር እንጉዳይ በልተው 13 ሰው ሞቷል፣ አብዛኞቹ የሻይ ቅጠል እርሻ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። ከዛ በፊትም ሜጋላያ ውስጥ እንደዚሁ ሆኗል። እነዚህ እንጉዳይ ለቅሞ መብላት ያደጉበት ሰዎች ናቸው።

ገዳዩ ዓይነት መራራ አይደለም፣ ይጣፍጣል፣ ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። ከተበላ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም ስሜት የለም፣ ከዛ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፣ ሰው ተርፌአለሁ ብሎ ከሆስፒታል ይወጣል፣ በ3ኛው በ4ኛው ቀን ጉበቱ ይወድቃል። መርዙ የጉበት ሴል ፕሮቲን የሚሠራበትን መንገድ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከተከሰተ «ተሽሎታል» ብላችሁ አትቀመጡ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ሩጡ።

ዴህራዱን_የነበረው፦

ሲስተር ቲጂ ትክክል ነሽ። እዛ ህንድ ጉቺ የሚባል አለ፣ ሂማቻልና ካሽሚር የሚለቀም ስፖንጅ የሚመስል በጣም ውድ እንጉዳይ፣ ሰዉ መብረቅ ሲመታ ይበቅላል ይላል፣ ያንን የመሰለ የተከበረ ምግብ እንኳን ጥሬውን ከበሉት ያሳምማል። የመንደሩ ሴት በክር ሰክታ ከምድጃ በላይ አድርቃ፣ ከዛ በደንብ አብስላ ነው ለብርድና ለሰውነት ሕመም የምትሰጠው። በኢንተርኔት የሚሸጠው ግን ይሄን ማድረቅና ማብሰል አይነግርህም።

ስለ ኪዳ ጀዲ ደግሞ የረሳሁት፣ ከ2020 ጀምሮ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ በ15 ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 በመቶ ቀንሷል ተብሎ። ቡቃያው ዘሩን ሳይበትን ነው የሚነቀለው። እዛ ተራራ ላይ ድንኳን ውስጥ አብሬያቸው ያደርኩ ልጆች ከአሁን በኋላ በምን እንደሚኖሩ ሳስብ ያመኛል፣ ለትምህርት ቤት የሚከፍሉት ከእሱ ነው።

ደጉ_ሐዋሳ፦

እኛም አገር ማጃንግ ሕዝብ ጋ ስለ እንጉዳይ ብዙ እውቀት አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ጋምቤላ ወገን፣ ጃፓናዊ ተመራማሪ መጥታ የጻፈችው አለ። የሚያውቅ ካለ አዲስ ክር ቢከፍት ደስ ይለኛል፣ የህንዱን ያህል የእኛን ብናውቀው።

ሜሪ_ሰሚት፦

ወገኖች ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ብልቃጡን ይዤ ከእማ ጋር ሐኪሟ ጋ ሄድን። ሲስተር ቲጂ እንዳልሽው ሳልደብቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አልተቆጣም። ከፍቶ አየው፣ አሸተተው፣ አንዳንድ ሕመምተኞቹ ተመሳሳይ ነገር እንደሚያመጡ ነገረኝ፣ ከዛ ወደ እማ ዞሮ «እማማ ይሄን አይውሰዱ፣ ፖታሲየምዎ ራሱ ድንበር ላይ ነው» አላት። ደም ተወሰደ፣ ግፊቷን የሚቀንሰው መድኃኒት መጠኑ ተስተካከለ፣ ጨው ላይ በደንብ ተነጋገርን፣ በ3 ሳምንት ተመለሱ ብሎናል።

እማ ግን ዝም ብላ ነበር፣ ታክሲ ውስጥም ዝም። ፈራሁ፣ ተስፋዋን የነጠቅኳት መስሎኝ። ማታ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ ስልኬን አውጥቼ የዴህራዱንን ጽሑፍ አነበብኩላት፣ በጉልበታቸው እየዳኹ የሚለቅሙትን፣ ድንኳኑን፣ ሽማግሌውን እረኛ። እሷም የገበሬ ልጅ ናት፣ እረኝነት አድጋበታለች፣ እያስቆመችኝ ትጠይቀኛለች፣ በረዶ ላይ ምን ይለብሳሉ፣ በጎቹስ ምን ይበላሉ። «እኛ አንበላውም እንሸጠዋለን» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። «ሰውየው ራሱ ካልበላው» አለች፣ «እኔ ምን አድርጊ ብሎኝ ነው የምበላው።» ከዛ ስለ ልጆቹ ጠየቀች፣ ትምህርት ቤት የሚከፍሉበት ሲያልቅ ምን ይሆናሉ ብላ። እኔም አላውቅም አልኳት። ዴህራዱን ወንድሜ ካወቅክ ንገረኝና ልንገራት፣ ነገም ትጠይቀኛለች።